የአተር ክክ ሾርባ ለብርድ ጊዜ፦ የቱ ክክ፣ የቱ ድስት፣ ከምን ጋር?

ሐምሌ ሲገባ ቤቴ ውስጥ የሚደርቅ ነገር የለም። ልብሱ፣ ጫማው፣ በር ላይ ያለው ምንጣፍ ሁሉ እርጥብ ነው፣ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ማየት እንኳን እግር ያቀዘቅዛል። እንዲህ ባለ ማታ ወጥ መሥራት ሲያስጠላኝ የምጥደው አንድ ነገር አለ፣ የአተር ክክ ሾርባ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል፣ አንዴ ከተጣደ ደግሞ ብዙ አያስጨንቅም።

የሚያስጨንቀው ከመጣዱ በፊት ያለው ምርጫ ነው። ቢጫው ክክ ይሻላል አረንጓዴው? ይዘፍዘፍ ወይስ ይቅር? በፕሬዠር ወይስ በተራ ድስት? ሥጋ ይግባ? ይፈጭ ወይስ እንዳለ ይጠጣ? ሁሉንም በየተራ ሞክሬያለሁ፣ አንዳንዱንም ሁለት ሦስት ጊዜ አበላሽቼ ነው የተማርኩት።

ቸኩላችሁ ከሆነ መልሴ ይሄው፦ ቢጫ ክክ፣ ሳይዘፈዘፍ፣ ሥሩ ወፍራም በሆነ ተራ ድስት፣ ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቶ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይፈጭ። ሌላው እንደ ቤታችሁ፣ እንደ መብራቱና እንደ ቀኑ ይለያያል።

አልጫ ወይስ ሾርባ?

እናቴ መጀመሪያ ስሠራላት አንድ ማንኪያ ቀመሰችና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ውሃ የበዛበት አልጫ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ያኔ ያደረግኩት ክኩን ለብቻው ቀቅዬ፣ ሽንኩርት በብዙ ዘይት አቁላልቼ፣ እርድ ጨምሬ፣ መጨረሻ ላይ በውሃ ማቅጠን ነበር። አልጫ ክክ የሚያምርበት በእንጀራ ነው፣ ዘይቱም ጨዉም የተመጠነው ለእንጀራ ነው። በውሃ ስታቀጥኑት ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ክኩ ከታች ይዘቅጣል፣ መሀል ላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል።

ሾርባ ሾርባ የሚሆነው ክኩ ራሱ ፈርሶ ውሃውን ሲያወፍረው ነው። ስለዚህ ክኩና አትክልቱ ከመጀመሪያው አንድ ድስት ውስጥ አብረው ይበስላሉ፣ የተቀቀለበት ውሃ አይደፋም፣ ዘይቱ ሁለት ማንኪያ ይበቃዋል። እንጀራ ካለና እንግዳ ከመጣ አልጫውን ሥሩ፣ እሱ ይሻላል። ዳቦ ካለና ቤት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው ካለ ሾርባውን።

መነሻ ልኬቴን ልስጣችሁ፣ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ በዚህ ላይ ነው። 2 ኩባያ ክክ (400 ግራም ገደማ)፣ 2 ሊትር ውሃ፣ 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ካሮት፣ 1 ድንች፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። ባሮ ሽንኩርት ወይም ሰለሪ ካገኛችሁ ጨምሩ፣ ካላገኛችሁ አትጨነቁ። ለስድስት ሰው ይበቃል፣ ለአራት የራበው ሰውም እንዲሁ።

የቱ ክክ?

ቢጫውና አረንጓዴው የሚለያዩት አንዱ እሸት ሌላው የበሰለ ስለሆነ አይደለም፣ ቀለምም አልተቀባም። ሁለት የተለያዩ የአተር ዝርያዎች ናቸው፣ ገለባው ተነስቶ ለሁለት ሲከፈል የሚታየው የየራሳቸው የውስጥ ቀለም ነው። አረንጓዴው ጣፈጥ ይላል፣ ትንሽም እሸት እሸት ይሸታል። ቢጫው ጭምት ነው፣ የሰጣችሁትን ቅመም ይቀበላል። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ለሚወድ ቤት ቢጫው ይበልጣል ባይ ነኝ፣ አረንጓዴው ላይ ዝንጅብል ሲበዛ ሁለቱ የሚጣሉ ይመስለኛል። ሥጋ የሚገባበት ከሆነ ግን አረንጓዴውን አልጠላም፣ ጣፋጭነቱ ከሥጋው ጨው ጋር ይስማማል።

አዲስ አበባ ላይ ምርጫው ብዙ ጊዜ በገበያው ይወሰናል። ቢጫው የትም እህል ተራ፣ የትም ሱቅ አለ። አረንጓዴውን የምታገኙት ሱፐርማርኬት፣ በላስቲክ ታሽጎ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ በተቃራኒው ናቸው፣ እዚያ አረንጓዴው ነው በየመደርደሪያው ያለው፣ ቢጫውን ፍለጋ ወደ ሐበሻ ወይም ወደ ህንድ ሱቅ ይሄዳሉ። የህንድ ሱቅ ስትገቡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «ቻና ዳል» የሚባለው ቁርጥ የኛን አተር ክክ ይመስላል፣ ነገር ግን የሽንብራ ክክ ነው። ይበስላል ግን አይፈርስም፣ ሁለት ሰዓት ብትቀቅሉት ፍሬው ፍሬ፣ ውሃው ውሃ ሆኖ ይቀራል። ለሰላጣ ይሆናል፣ ለዚህ ሾርባ አይሆንም።

ሙሉ አተርስ? ደረቁን ሙሉ አተር ከነገለባው ሌሊቱን ዘፍዝፎ መሥራት ይቻላል። ስዊድኖች የሐሙስ ሾርባቸውን የሚሠሩት ከእንዲህ ያለ ሙሉ ቢጫ አተር ነው። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ እንደነገረችኝ እዚያ በየሐሙሱ በሠራተኛ ምሳ ቤት ሁሉ የአተር ሾርባ ይቀርባል፣ ከሰናፍጭ ጋር፣ ቀጥሎም ፓንኬክ። ከጥንት ከካቶሊክ ዘመናቸው የቀረ ነው ይላሉ፣ ዓርብ ጾም ስለነበር ሐሙስ ማታ ጠገብ ብሎ ለማደር። «እነሱ ጾሙን ተዉት፣ ሾርባውን ያዙት» ትላለች እህቴ። ለማንኛውም ሙሉ አተር ጣዕሙ ደህና ነው፣ ግን ከአንድ ቀን በፊት ማሰብ ይፈልጋል፣ በብርድ ማታ ድንገት የሚያምር ነገር ደግሞ ትናንት አይታሰብም።

ምስር ክክ የቸኮለ ሰው ምርጫ ነው። አዲስ አበባ ላይ እንኳን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ ዋጋው ከአተር ክክ ይበልጣል፣ ሾርባውም ቀለል ያለ ነው፣ ያን ማንኪያ የሚይዝ ውፍረት አይሰጥም። ከሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገብቶ ሁለት ሰዓት ላይ መብላት የሚፈልግ ሰው ምስሩን ይጣድ፣ አላማውም። የባቄላ ክክ ለብቻው ሽታው ይከብዳል፣ ሩቡን ያህል ከአተሩ ጋር ቀላቅሎ መሞከር ይቻላል።

ሽሮም አለ። ጀርመኖች በ1867 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የአተር ዱቄትን ከስብና ከቅመም ጋር ጠቅጥቀው እንደ ቋሊማ ጠቅልለው ሠሩት፣ «ኤርብስቩርስት» ይሉታል፣ ቆርሶ ውሃ ውስጥ ማፍላት ብቻ ነው። በ1870 ከፈረንሳይ ጋር ሲዋጉ ወታደሩ ስንቁ እሱ ነበር፣ ክኖር የሚባለው ድርጅትም እስከ 2018 ድረስ ሲያመርተው ቆየ። ይህን ሳነብ ሳቄ ነው የመጣው፣ ሽሮ እኮ ነው! ሾርባ ለመሥራት ግን ሽሮ ለብቻው አይሆንም፣ ሽሮ ይሆናል እንጂ። የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፣ ሾርባችሁ አልወፍር ብሎ እንግዳ በር ላይ ከቆመ አንድ ማንኪያ ነጭ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩና አሥር ደቂቃ አንተክትኩት። ማንም አያውቅባችሁም።

ስለ ጓያ ሳልናገር አላልፍም። የተከካ ጓያ ከአተር ክክ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ፣ ርካሽ ስለሆነ። አንድ ቀን መብላት ሰው አይጥልም፣ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር እንደሚያሰር ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። አተር ክብ ነው፣ ለሁለት ሲከፈልም ግማሽ ኳስ ይመስላል። ጓያው ማዕዘን አለው፣ ሽብልቅ ነገር ነው። እፍኝ አድርጋችሁ መዳፍ ላይ በትናችሁ እዩ።

እዚያው ላይ እርጅናውንም መርምሩ። ያረጀ ክክ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አቧራው ይበዛል፣ ነቀዝ የበሳው ፍሬ አይጠፋም። ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቦታ የከረመ ጥራጥሬ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፣ ሁለት ሰዓት ከእሳት ጋር ታግሎ ወይ ፍንክች! አንድ ጊዜ ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት ክክ ሦስት ሰዓት ቆይቶ እሳት ያየው አይመስልም ነበር። ዞሮ ዞሮ ለሚጥሚጣ ቆሎ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አልገዛም፣ ለአንድ ወር የሚሆነኝን ብቻ።

ይዘፍዘፍ?

አጭሩ መልስ፣ ለክክ አያስፈልግም። ገለባው ተነስቷል፣ ተከፍሏል፣ ውሃ የሚገባበት በሩ ክፍት ነው። መልቀምና ውሃው እስኪጠራ አራት አምስት ጊዜ ማጠብ ግን የግድ ነው፣ ያ ነጭ ውሃ ነው በኋላ አረፋ ሆኖ ምድጃ ላይ የሚገነፍለው።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ፣ እሱም ከፍታ ነው። ውጭ አገር የተጻፈ አዘገጃጀት «45 ደቂቃ» ይላል፣ እኛ ሰዓታችንን አይተን 45 ደቂቃ ላይ ስንከፍተው ክኩ ገና ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ጥፋቱ የኛ አይደለም። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። እሳቱን ብትጨምሩት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ ወደ 90 ይወርዳል፣ ድሬዳዋ ከሆናችሁ 96 ይደርሳል፣ በእርግጥ ድሬዳዋ ያለ ሰው ሾርባ ለብርድ ብሎ ባይጨነቅ አይገርመኝም። እናም አዲስ አበባ ላይ በተራ ድስት ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያዙለት። ደጋ ከሆናችሁና ነዳጅ መቆጠብ ከፈለጋችሁ ያኔ ሁለት ሰዓት መዘፍዘፉ ዋጋ አለው።

ጨው ክክ እንዳይበስል ያደርጋል የሚባለውን እኔ ብዙ አላየሁትም፣ መሀል ላይ ነው የምጨምረው። የሚያግደው ጎምዛዛ ነገር ነው። ቲማቲም ወይም ሎሚ ክኩ ሳይፈርስ ከገባ ባለበት ይደርቃል። ይሄን የተማርኩት አንድ ኪሎ ቲማቲም ከመጀመሪያው ከጨመርኩ በኋላ ነው፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይ በላን። ሎሚ ትወዳላችሁ? ሳህን ላይ ጨምቁት።

ድስት፣ ፕሬዠር፣ ወይስ ሌላ?

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚከራከረው፣ እኔም ረዘም አድርጌ ላወራ ነው።

ፕሬዠር ፈጣን ነው፣ መካድ አይቻልም። ውስጡ ታፍኖ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ የከፍታውን ችግር ይሽረዋል፣ መፉጨት ከጀመረ በኋላ 15 ደቂቃ ይበቃል። ግን ከጥራጥሬ ሁሉ የተከፈለ አተርና ምስር ላይ ነው ጥንቃቄ የሚበዛው፣ ምክንያቱም አረፋቸው ብዙ ነው፣ አረፋው ገለባና ስታርች ይዞ ይወጣና ማስተንፈሻውን ይደፍነዋል። ከግማሽ በላይ አትሙሉት። አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበት፣ አረፋውን ያበርደዋል። መጀመሪያ ክዳኑን ሳትገጥሙ አፍሉና አረፋውን በጭልፋ ግፈፉት፣ ከዚያ ግጠሙ። ሲያልቅም ከእሳት አውርዳችሁ ራሱ እስኪተነፍስ ጠብቁ እንጂ ማስተንፈሻውን አታንሱት። እኔ አንዴ ቸኩዬ አነሳሁት። ኮርኒሱ ላይ ያለው ቢጫ ነጠብጣብ እስካሁን አልለቀቀም፣ አከራዬ ባያዩት እመርጣለሁ።

ጣዕሙስ? በፕሬዠር የተሠራው አንድ ወጥ ይሆናል፣ ካሮቱም ድንቹም ሟሙቶ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ልስላሴ ያገኛል። ለሕፃን ወይም ለታማሚ ሰው ጥሩ ነው። እኔ ግን ካሮቱ ካሮት መሆኑን ሳውቀው ነው ደስ የሚለኝ።

ተራ ድስት ላይ ነገሩ በእጃችሁ ነው። ሥሩ ወፍራም ይሁን፣ ሳሳ ያለ አሉሚኒየም ከሆነ መጨረሻው ላይ ክኩ ፈርሶ ሲወፍር ከታች ይይዝና ያርራል፣ ያረረ ክክ ሽታው ደግሞ በምንም አይወጣም። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ልትረሱት ትችላላችሁ፣ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ግን በየአምስት ደቂቃው አማስሉት። ሲወፍር የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ ቀዝቃዛ አትጨምሩ፣ ያዘገየዋል።

የሸክላ ድስት ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። ሙቀቱ ዝግ ያለ ነው፣ ከወረደም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይንተከተካል፣ ገበታ ላይ ራሱ ሲቀርብ ያምራል። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ግን ድንገት ከፍ ባለ እሳት ከጀመራችሁት ይሰነጠቃል፣ ከዝቅተኛው ጀምሩ።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። ሥጋ የሌለበት ሾርባ ከሆነ 20 ደቂቃ ክፉኛ አፍሉት፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ድስቱን በፎጣ ከዚያም በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጥቅልል አድርጋችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትከፍቱት ክኩ ለስልሶ ታገኙታላችሁ፣ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ መልሳችሁ ማንተክተክ ብቻ ነው። ሲሊንደር ሊያልቅብኝ ሲል የምጠቀመው ዘዴ ይሄ ነው፣ ባለቤቴ ድስቱ ጋቢ ለብሶ ሲያየው «እሱም ብርድ ያዘው?» ይለኛል።

ከሰል ላይ ያለው ጣዕም ከሁሉ ይበልጣል፣ እሳቱም ለዚህ ሾርባ የተፈጠረ ነው። ግን በብርድ ቀን በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ቤት ውስጥ ማስገባት ሰው ይገድላል። ቀልድ አይደለም፣ የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታት መጣ ስትሉ ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል። በረንዳ ላይ ሥሩትና ድስቱን ብቻ ይዛችሁ ግቡ።

በምን ይጣፍጥ? ጾም እና ፍስክ

የውጭዎቹ አዘገጃጀቶች አብዛኞቹ «የጨሰ የአሳማ እግር ጨምሩ» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካውም፣ ስለዚህ ጥያቄው ያ ጨዋማና ጭስ ጭስ የሚል ጣዕም በምን ይተካ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ቅልጥም ነው። የበሬ ቅልጥም ወይም የበግ አጥንት ለብቻው አንድ ሰዓት ይቀቀላል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ከዚያ ክኩ እዚያው ውስጥ ይገባል። ጉልበት ይሰጣል፣ ከንፈር ያጣብቃል፣ ግን ከእሳት ጋር ጠቅላላ ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፣ ስቡም ብዙ ነው። እሑድ ቀን ሌላ ሥራ እየሠራችሁ የምትጥዱት።

ሁለተኛው፣ የኔ ተወዳጅ፣ ቋንጣ። እፍኝ የማትሞላ ቋንጣ በትንንሹ ተቆርጣ በደረቅ ድስት ለሁለት ደቂቃ ትታመስና ክኩ ግማሽ ሲደርስ ትገባለች። በርበሬው ሾርባውን ወርቃማ ቀይ ያደርገዋል፣ ያ የደረቀ ሥጋ ጠረን ቤቱን ይሞላል። ቋንጣው ራሱ ጨው ስላለው ጨዋችሁን እስከ መጨረሻው አቆዩት። አሜሪካ ያላችሁ የጨሰ የተርኪ እግር በየሱቁ ታገኛላችሁ፣ እሱም ጥሩ ምትክ ነው፣ ሐላል የሆነውን የምትፈልጉ ጠይቃችሁ ግዙ። እስራኤል ያላችሁ «ማራክ አፉና» ሲባል የምትሰሙት ይኸው ሾርባ ነው፣ እዚያ ከሥጋ ይልቅ ቋሊማ የሚጨምሩበት ብዙ ናቸው።

ለጾሙ ግን ምንም የሚጎድል ነገር የለም፣ ሽንኩርቱ ላይ ካልሰነፋችሁ። ይህን ሾርባ የሚያነሳውም የሚጥለውም እሱ ነው። አብዛኛው ሰው ሽንኩርቱን ከክኩ ጋር አብሮ ወደ ውሃው ይወረውራል፣ የተቀቀለ ሽንኩርት ደግሞ የሆስፒታል ምግብ ነው የሚያስመስለው። እኔ አንዱን ሽንኩርት በደቃቁ ከትፌ በትንሽ ዘይት፣ በዝግታ፣ ቡናማ እስኪሆን ሃያ ደቂቃ አቁላላለሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ ከዚያ ክኩ፣ ከዚያ ውሃው። ሁለተኛውን ሽንኩርት ደግሞ ለሁለት ሰንጥቄ ፊቱን በደረቅ መጥበሻ ላይ ጥቁር እስኪል አሳርረውና እንዳለ ድስቱ ውስጥ እጥለዋለሁ፣ ሲበስል አውጥቼ እጥለዋለሁ። ያ ጭስ ጭስ የሚለው ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ነው፣ ሥጋ የለበትም ብትሉ አያምኗችሁም። በፍልሰታ፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ብርዱም ጾሙም አንድ ላይ ሲመጣ እኛ ቤት በሳምንት ሁለቴ የሚሠራው ይሄ ነው። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ብርዳችሁ የሚጠነክረው በነቢያት ጾም ላይ ስለሆነ ለናንተ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ያገለግላችኋል።

ቅመም? እርድ ለቀለም ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ ካለፈ ወደ አልጫው ተመለስን። ፈረንጆቹ «ታይም» የሚሉትን ቅጠል ይጨምራሉ፣ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ በትንሽ ጠርሙስ በውድ አትግዙት፣ ጦስኝ አለን እኮ! ደጋው ላይ የሚበቅለው፣ ለሻይ የምንገዛው ደረቅ ጦስኝ የዚያው ዘመድ ነው፣ ጠረኑ እንዲያውም ይጠነክራል። አንድ ቁንጥጫ ክኩ ሊደርስ ሲል፣ ይበቃል። ኮረሪማ ሞክሬ አልወደድኩትም። ፍስክ ከሆነ ግማሽ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከላይ፣ ሳህን ላይ፣ ድስት ውስጥ ከገባ ይጠፋል። ቃሪያ ደግሞ ለየራስ።

ይፈጭ ወይስ ይተው?

ክኩ ጥሩ ከሆነና ጊዜ ከሰጣችሁት ብሌንደር አያስፈልገውም፣ በማማሰያ ጀርባ ድስቱ ግድግዳ ላይ ጫን ጫን ብታደርጉት ራሱ ይፈርሳል። ብሌንደር የገባ ሾርባ ይለሰልሳል ግን ይንዘላዘላል፣ ድንች ካለበት ደግሞ እንደ ሙጫ ይሳባል። ጥርስ ለሌለው፣ ለሕፃን፣ ወይም እንግዳ ፊት ሬስቶራንት ማስመሰል ለፈለገ ይፈጭ። ትኩሱን ግን ሙሉ አድርጋችሁ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አታስነሱት፣ እንፋሎቱ ክዳኑን አስፈንጥሮ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ግማሽ ብቻ ሙሉ፣ የክዳኑን ቀዳዳ ክፍት አድርጋችሁ በፎጣ ያዙት።

እኔ ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ፣ ሁለት ጭልፋ አውጥቼ እፈጭና እመልሰዋለሁ። ወፍራምም ይሆናል፣ ካሮቱም ይታያል።

በምን ይበላ?

ድፎ ዳቦ ካለ ሌላ አትፈልጉ። አምባሻም ጥሩ ነው። የሱቅ ዳቦ ከሆነ በመጥበሻ ላይ ደረቅ አድርጋችሁ ነጭ ሽንኩርት ፊቱ ላይ አሹበት። ድርቆሽ ያለው ሰው ፍርፍር አድርጎ ከላይ ይበትን፣ መጀመሪያ ሲንኮሻኮሽ፣ በኋላ ሲርስ፣ ሁለቱም ይጣፍጣል። ለስላሳ እንጀራ ግን አይሆንም፣ ሾርባ ለመጠጣት ነው፣ እንጀራ ሲገባበት ምኑም ምኑም አይሆን።

የተረፈው

በሚቀጥለው ቀን ስትከፍቱት ሾርባው የለም፣ ቢላ የሚቆርጠው ቢጫ ነገር አለ። አልተበላሸም፣ ክክ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ለአንድ ሳህን ግማሽ ኩባያ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ በዝግተኛ እሳት ፍቱት፣ ጨዉን መልሳችሁ ቅመሱ። ድስቱ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ዝርግ ዕቃ ላይ ገልብጡትና ከሁለት ሰዓት ሳይበልጥ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ «ክረምት ነው፣ ውጭ ያድራል» የሚለው አያዋጣም። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ሦስት ወር ይቆያል። ድንች የገባበት ሲቀልጥ ውሃ ስለሚያወጣ፣ ለማስቀመጥ ያሰባችሁትን ድንቹን ትታችሁ ሥሩ።

ውሃ ጨምሮ መፍታት ከሰለቻችሁ ደግሞ ያንን የረጋውን ከቃሪያና ከጥሬ ሽንኩርት ጋር ለውሱትና ሳምቡሳ ሙሉበት። እኔ ቤት ሾርባው ሆን ተብሎ በዝቶ የሚሠራው ለዚያ ነው።